ከካርዱ ጋር የሚሰጥ፦ ለሙሉ ክፍል የሚበቃ ርካሽ ስጦታ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ሲታደል ከአንድ ክፍል ስጦታ ይዘው የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ልጆች ናቸው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት። ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ይገባቸዋልም። የቀሩት ሃምሳ ስልሳ ልጆች ደግሞ አሥር ወር ሙሉ ከእርስዎ ጋር ውለው ካርዳቸውን ብቻ ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ይህ መመሪያ ለእነሱም አንድ ነገር ማስያዝ ለሚፈልግ የክፍል ኃላፊ መምህር ነው። የመምህር ደመወዝ ከወር ወር እንዴት እንደሚደርስ ስለማውቅ ከኪስ ብዙ የሚያስወጣ ነገር አልመከርኩም። እዚህ ያለው በአብዛኛው ወረቀት፣ ክር፣ ዘርና ጊዜ ነው። ከአራቱ የሚወደደው ጊዜው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ግንቦት ላይ ይጀምሩ

በሰኔ ለሌላ ሥራ ፋታ አይገኝም። የማጠቃለያ ፈተና አለ፣ እርማት አለ፣ ሮስተር አለ፣ ካርድ መሙላት አለ። በመጨረሻው ሳምንት የሚታሰብ ስጦታ ወይ ይቀራል፣ ወይ ከሱቅ በጥድፊያ የሚገዛ ከረሜላ ይሆናል። ስለዚህ ግንቦት እንደገባ ሁለት ነገር ይወስኑ፦ ስንት ብር እንደሚያወጡና ምን እንደሚሰጡ።

ብሩን ሲወስኑ ጠቅላላውን አስቀድመው ቆርጠው ለልጆቹ ቁጥር ያካፍሉት። ለ60 ተማሪ 300 ብር ቢመድቡ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 5 ብር ነው። በ5 ብር ደግሞ ለአንድ ልጅ የሚሆን ቁም ነገር ከሱቅ አይገኝም። ያው 300 ብር ግን ክር፣ ጥቂት ባለ ቀለም ወረቀትና ጥቂት ዘር ገዝቶ ለስልሳውም ይዳረሳል። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች አብዛኞቹ በዚህ ሒሳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ያለቀለት ዕቃ አይግዙ፣ ጥሬ ዕቃ ይግዙ።

ገንዘብ ከተማሪዎች አያሰባስቡ። «አሥር አሥር ብር አዋጡ» ሲባል ማምጣት ያልቻለው ልጅ ስጦታውን የሚቀበለው አንገቱን ደፍቶ ነው። ወረቀት ካነሰዎት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን ይጠይቁ፤ ወይም የትምህርት ቤቱ ቢሮ በአንድ ፊቱ ብቻ ታትሞ የተረፈ ወረቀት እንዳለው ይመልከቱ። ያው ክፍል ሌላ ሴክሽን ካለው ደግሞ ከዚያ መምህር ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ዓይነት ነገር ብትሰጡ ይበጃል። ልጆች በእረፍት ሰዓት ማወዳደራቸው አይቀርም።

ሁለት መስመር በእጅ የተጻፈ

ከሁሉም የሚረክሰውና፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉም የሚበልጠው ስጦታ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ስለ እሱ ብቻ የተጻፈ ሁለት ወይም ሦስት መስመር። አንድ ኤ ፎር ወረቀት አራት ቦታ ሲቆረጥ አራት ማስታወሻ ይወጣዋል፤ ለ60 ተማሪ 15 ወረቀት በቂ ነው።

ከባዱ የሚጻፈውን ማግኘቱ ነው። «ጎበዝ ተማሪ ነህ፣ በርታ» የሚለው ለስልሳውም ሊጻፍ ስለሚችል ለአንዱም አይሆንም። ልጁ ያንን ከጓደኛው ጋር አስተያይቶ አንድ ዓይነት መሆኑን ያወቀ ዕለት ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። የሚጻፈው እርስዎ በዓይንዎ ያዩት፣ በጆሮዎ የሰሙት ነገር መሆን አለበት። እንዲህ ያለ፦

«ሚያዝያ ላይ ክፍልፋይ ሲከብድህ በእረፍት ሰዓት ደብተርህን ይዘህ እየመጣህ ጠየቅኸኝ። በኋላ አንተው ለጓደኛህ ስታስረዳው ሰማሁህ።»

«አዲሷ ልጅ ጥር ላይ ስትገባ ተጠግተሽ ከአጠገብሽ አስቀመጥሻት። ማንም አላዘዘሽም፤ እኔ ግን አይቻለሁ።»

የሚያስቸግር ልጅ ካለም እውነቱ ይጻፍለት፦ «ዘንድሮ ብዙ ተጋጭተናል። ሳልጠይቅህ በየጠዋቱ ሰሌዳውን የምታጸዳው ግን አንተ ነበርህ።»

ይህን ለማግኘት አንድ ተራ ደብተር ይያዙና በየቀኑ ስለ አምስት ልጆች ብቻ አንዳንድ ነገር ይመዝግቡ። ስልሳ ልጅ በ12 የትምህርት ቀን ያልቃል። በስም ዝርዝሩ ቅደም ተከተል ግን አይሂዱ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ፋሲልና ፍቅርተ የደከመ እጅ ይደርሳቸዋል። በአቀማመጣቸው፣ ረድፍ በረድፍ ይሂዱ፤ ከኋላው ረድፍ መጀመር ደግሞ የተሻለ ነው።

ስሙን አይተው ምንም ነገር የማይመጣልዎት ልጅ ይኖራል። በትልቅ ክፍል ውስጥ ከአንድ በላይ መሆናቸው የተለመደ ነው። አይረብሹም፣ እጅ አያወጡም፣ ውጤታቸውም መሐል ላይ ነው። ማስታወሻው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ስለሆነ በአንድ አጠቃላይ ዓረፍተ ነገር አያልፏቸው። ለጥቂት ቀን ዓይንዎን ይጣሉባቸው። አብሮ የሚቀመጠውን ልጅ «እሱ ምን ይችላል?» ብለው ይጠይቁት፤ የክፍል አለቃውንና የስፖርት መምህሩንም ይጠይቁ። አንዱ በላስቲክ ኳስ እንደሚሠራ፣ አንዷ ታናሽ ወንድሟን በየቀኑ አድርሳ እንደምትመጣ፣ አንዱ ዳር ቁጭ ብሎ ወፍ እንደሚስል ይነግሩዎታል። ከዚያ ሄደው በዓይንዎ ያረጋግጡና ይጻፉ።

ማስታወሻው ውስጥ የማይገቡ ነገሮች አሉ። ደረጃ አይጻፍ፤ ካርዱ ላይ አለ። ከወንድም ከእህት ጋር ማወዳደር፣ ስለ ልብስና ስለ ቤት ችግር ማንሳት፣ «ብትሞክሪ ኖሮ» የሚል ቁጭት፣ እነዚህም አይግቡ። ክፍል ያልተዛወረ ልጅ ካለ «በሚቀጥለው ክፍል መልካም ዕድል» የሚለው የደግነት ቃል ይወጋዋል። ስለዚህ ሮስተሩ ሳያልቅ የመዝጊያውን ዓረፍተ ነገር አይጻፉ፤ ወይም ለሁሉም የሚስማማውን «መልካም ክረምት» ይጠቀሙ።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምሩ ከሆነ ልጁ ራሱ ሊያነበው በሚችል አጭር ቃልና ሰፊ ፊደል ይጻፉ። ለብዙዎቹ በስማቸው የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ ይህ ይሆናል፤ ሌላ ሰው ባያነብላቸው ይመረጣል። ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ የሚማር ልጅ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍለት። ብዕሩ እስክሪብቶ ይሁን። ማርከርና ቀለም የሚረጭ ማተሚያ የሐምሌ ዝናብ ሲያገኛቸው ይፈስሳሉ። ስምዎን ከታች ያስቀምጡ፤ ልጆቹ «ቲቸር» ብለው ከሚጠሩበት ስም ጋር።

የክረምት ደብተር

ሁለተኛው ስጦታ ከልጆቹ ቦርሳ ውስጥ ራሱ ይወጣል። ዓመቱ ሲያልቅ የማይተርፈው ደብተር የለም፤ የሥነ ዜጋው ግማሹ ባዶ ነው፣ የሥዕሉ ጥቂት ገጽ ብቻ ተጽፎበታል። ከዚያ ባዶ ቅጠል ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ የክረምት ደብተር መስፋት ይቻላል።

ሥራው የሚጀመረው የመጨረሻው ፈተና ካለቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያጠኑበትን አይንኩ። «ያላለቀ ደብተር ያለው ያምጣ» ይበሉና የመጣውን በአንድ ላይ ያጠራቅሙ። ብዙ ያመጣም ምንም ያላመጣም እኩል እንዲደርሰው ባዶው ቅጠል ሁሉ ተቀላቅሎ ይቆጠርና ይካፈል። ለአንድ ልጅ 24 ቅጠል ጥሩ ነው፤ ካነሰም 16 ይሆናል።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሰናክል ነገር አለ። ደብተሩ መሐሉ ላይ በሽቦ የተያዘ ስለሆነ መጨረሻ ያለው ባዶ ቅጠልና መጀመሪያ ያለው የተጻፈበት ቅጠል አንድ ወረቀት ናቸው። ባዶውን ጎትተው ቢገነጥሉት የተጻፈበትም ተላቆ ይወድቃል። ስለዚህ አይገንጥሉ። ማስመሪያ አስደግፈው፣ ከእጥፋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ትተው ባዶውን በምላጭ ይቁረጡት። የቀረችው ጠርዝ የተጻፈበትን ወገን ይዛ ታስቀረዋለች። የተጻፈበትን አይጣሉ፤ ለባለቤቱ ይመለስ። ታናሽ ይማርበታል፣ እሱም መስከረም ላይ ይከልስበታል።

የተቆረጡት ቅጠሎች አሁን ነጠላ ናቸው፤ መሐላቸው ላይ አጥፎ መስፋት አይቻልም። የሚሰፉት በጎን ነው። ቅጠሎቹን መትተው ያስተካክሉ፣ ከላይና ከታች ስስ ካርቶን ያድርጉ፤ የጫማ ወይም የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ጥሩ ነው፣ ሽንሽኑ ወፍራም ካርቶን ግን አይታጠፍም። በልብስ መቆንጠጫ ግራና ቀኙን ይያዙት። ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ሦስት ቦታ በወስፌ ይብሱ፦ አንዱ መሐል ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቀው። ወስፌ ከሌለ ጣውላ ላይ አድርገው በቀጭን ሚስማር ይምቱት።

ክሩ ድርብ የስፌት ክር ይሁን፤ ርዝመቱ የደብተሩን ቁመት ሦስት እጥፍ። መርፌውን ከጀርባ በኩል በመሐለኛው ቀዳዳ ያስገቡና በፊት ያውጡ፤ ጀርባ ላይ አንድ ጣት የሚያህል ክር ይተዉ። ከፊት ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሄደው ወደ ጀርባ ይውጡ። በጀርባ በኩል መሐለኛውን ዘለው እስከ ታችኛው ይውረዱና በእሱ ወደ ፊት ይውጡ። ከዚያ በመሐለኛው ተመልሰው ወደ ጀርባ። አሁን ሁለቱ የክር ጫፎች ጀርባ ላይ ተገናኝተዋል። ረጅሙን ክር በመሐላቸው አስገብተው ጠበቅ አድርገው ይቋጩ። ሁለትና ሦስት ደብተር ከሰፉ በኋላ እጅ ይለምደዋል።

ሽፋኑን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ማልበስ ይቻላል። ያለፉት ወራት ቅጠሎች በየቤቱና በየቢሮው አሉ፤ ሥዕሉ ወደ ውጭ ቢሆን ያምራል፣ ነጩ ወደ ውጭ ቢሆን ልጁ የራሱን ይስልበታል። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጆች ስፌቱን ራሳቸው ይችሉታል። ለታናናሾቹ ግን ምላጩና ወስፌው በእርስዎ እጅ ይቆይ፤ ቀዳዳው አስቀድሞ የተበሳ ከሆነ ክሩን እነሱም ያስገባሉ።

ደብተሩን ባዶ አይስጡት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጁን ስምና አንድ የክረምት ሥራ ይጻፉበት። የቤት ሥራ አይምሰል፤ ማንም አያርመውም። «እኔ ያልሰማሁትን አንድ ተረት ከአያትሽ ጠይቀሽ ጻፊልኝ።» «በሰፈርህ ልጆች ለቡሄ የሚሉትን ግጥም፣ የእናንተን ሰፈር የተለየ ስንኝ ሳትረሳ መዝግብ።» «ለአንድ ሳምንት ዝናቡ የጀመረበትንና ያባራበትን ሰዓት ጻፊ።» «አሥር እንቆቅልሽ ሰብስበህ መልሱን መጨረሻ ገጽ ላይ ደብቅ።» ሥራው እንደ ልጁ ቢለያይ ጥሩ ነው። ቡሄ የማይጨፍር ልጅ የቡሄ ግጥም አይሰጠው፤ ገጠር አያቶቹ ዘንድ የሚከርም ልጅ ስለ እርሻው ይጻፍ። ሁለት መስመሩን ማስታወሻ እዚሁ ደብተር ሽፋን ውስጥ ከለጠፉት አይጠፋም፣ ዝናብም አይነካውም።

ዘር

ካርድ በሚታደልበት ሰሞን ደጋና ወይና ደጋው ላይ ክረምቱ ገብቷል፤ ዘር ለመስጠት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። የሐምሌ ዝናብ በማይደርስበት ቆላ ለሚያስተምሩ ግን ይህን ምክር ይለፉት።

የሚረክሰው ጎመን ዘር ነው። ምጣድ ለማሰስ ከጉልት የሚገዛው ራሱ፣ ያልተቆላና ያልተወቀጠ ከሆነ፣ ይበቅላል። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ አንድ ስኒ ለአንድ ክፍል ይተርፋል። ከመስጠትዎ በፊት ግን ይሞክሩት፦ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያኑሩ። በአራትና አምስት ቀን ውስጥ ሰባት ያህሉ ካቆጠቆጠ ጥሩ ዘር ነው። ሁለትና ሦስት ብቻ ከሆነ ሌላ ይግዙ፤ ጎረቤቱ በቅሎለት የእሱ ያልበቀለለት ልጅ ያዝናል።

ከወረቀት ትናንሽ ፖስታ ያጥፉ፣ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ይጨምሩ፣ ጀርባው ላይ እንዲህ ይጻፉ፦ «የዘይት ጀሪካን ቁረጥ። ሥሩን ብሳ። አፈር ሙላ። ዘሩን በትነህ ስስ አፈር አልብሰው። ሲበቅል የተጨናነቀውን ንቀል።» ግቢ ለሌለውና ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ልጅም ይሆናል፤ በረንዳው ብርሃን ካገኘ በቂ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የተዘራ ጎመን እንቁጣጣሽ አካባቢ ቅጠሉ ለመቀንጠስ ይደርሳል።

ሰፊ ግቢ ላላቸው የፈረንጅ ሱፍ መስጠት ይቻላል፤ ያልተቆላ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለት ነገር ግን ለልጅ አይሰጥም። አንደኛው ጉሎ ነው፤ ፍሬው ዝንጉርጉርና የሚያምር ስለሆነ ልጆች ወደ አፋቸው ይወስዱታል፣ መርዝ ነው። ሁለተኛው ለገበሬ የሚሸጥ፣ በመድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘር ነው።

የሚበላ ነገር

ከረሜላና ብስኩት የሚቀልል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰኔ 30 የሰኔ ጾም ውስጥ ነው። ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ የሚጾሙ ልጆች ወተት ወይም ቅቤ ያለበትን ብስኩት አይበሉም፤ ሙስሊም ልጆች ደግሞ ምን እንደገባበት ያልታወቀ ጄሊ ላይበሉ ይችላሉ። ስጦታውን ተቀብሎ በእጁ ይዞ የሚቀር ልጅ እንዳይኖር በዘይት የፈነዳ ፈንዲሻ ያዘጋጁ። አንድ ኪሎ ጥሬ ለ50 ልጅ አንዳንድ ኩባያ ሆኖ ይተርፋል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ይስጡ፤ ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ምግብ ላይ ይጋባል።

እስክሪብቶና ፎቶ

አቅም ካለዎት እስክሪብቶ በፓኬት ከጅምላ ሱቅ ይገዛል። 50 የሚይዘው ፓኬት ለ60 ልጅ ስለማይበቃ ከሌላው ሴክሽን መምህር ጋር ተካፍሎ መግዛት ያዋጣል። የልጁን ስም በጠባብ ወረቀት ጽፈው እስክሪብቶው ላይ ጠቅልለው በፕላስተር ቢያሽጉት የእሱ ብቻ ይሆናል።

የክፍል ፎቶ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ጨርሰው ለሚበተኑ ልጆች ከሌላው ሁሉ ይሻላል። በስልክ አንስተው በጥቁርና ነጭ ማባዛት ይቻላል፤ ከጀርባው የሁሉም ስም በቆሙበት ረድፍ ይጻፍ። ወላጅ ሳይፈቅድ ግን ፎቶውን ቴሌግራም ላይም ሆነ ሌላ ቦታ አይልቀቁ። እነዚህ ልጆች አውቶግራፍ እያዞሩ ያስጽፋሉና እርስዎም ሲሰጥዎት ተቀብለው ረጋ ብለው ይጻፉ፤ ቆመው የሚፈርሙት አይሁን።

አሰጣጡ

ስጦታው የሚሰጠው ደረጃ ከመነገሩ በፊት፣ በክፍል ውስጥ ነው። ሦስቱ ከተሸለሙ በኋላ ለሌሎቹ የሚታደል ነገር ምንም ያህል ቢደከምበት የማጽናኛ ይመስላል። ካርድ የሚታደለው ዓርብ ከሆነ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ያድርጉት፤ ወላጅ ስለሌለ ልጆቹ ነጻ ይሆናሉ።

በስም ዝርዝር አይጥሩ። እየዞሩ ለእያንዳንዱ በመቀመጫው ያድርሱለት፣ በስሙ ይጥሩት፣ በሁለት እጅ ይስጡት። ማስታወሻውን ጮክ ብለው አያንብቡ፣ ልጁም እንዲያነብ አያስገድዱት። አንዳንዱ እዚያው ያነባል፣ አንዳንዱ ኪሱ ይከተዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ክፍል ያልተዛወሩትን ያን ቀን ለብቻ አይጥሩ፤ ውጤቱን የሚነግሯቸው በሌላ ሰዓት፣ ከወላጃቸው ጋር ነው።

የቀሩ ልጆች ይኖራሉ። ከፈተና በኋላ ወደ ገጠር የሄደ አለ፣ የታመመ አለ፣ መንፈቁ ላይ ያቋረጠም አለ። የእነሱንም አብረው ያዘጋጁ። ላቋረጠው በሰፈሩ በሚኖር የክፍል ጓደኛ ይላኩለት፤ ማስታወሻው ላይ በመስከረም የምዝገባው ጊዜ መቼ እንደሆነ ይጻፉበት፣ ተመልሶ መመዝገብ እንደሚችልም ይንገሩት። ካርዱን ወላጅ ብቻውን መጥቶ ለሚወስድለት ልጅ ስጦታውን በፖስታ አሽገው ከካርዱ ጋር ያያይዙት። የተረፈውን ለሬከርድ ክፍሉ ሠራተኛ ያስረክቡ፤ ፖስታው ላይ የልጁን ሙሉ ስም፣ ክፍልና ሴክሽን በጉልህ ይጻፉበት፣ ካርዶቹ ካሉበት ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥም ይጠይቁ። ካርዱን ለመውሰድ ጳጉሜን ላይ የሚመጣ ወላጅ አይጠፋም።